ጥጋቡ መራቡን ያቆመ ጊዜ

የታመመ ዘመድ ይዛችሁ ሆስፒታል የምትመላለሱ ሰዎች ይህን ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። ስለ በሽታዬም እጽፋለሁ፤ ወገቡን አሞት “ከሥራ ብዛት ነው” እየተባለ የሚታሽ ሰው ካላችሁ ቶሎ ራጅ አስነሡት። ዋናው ጉዳዬ ግን እሱ አይደለም። ታማሚው እንዳይከፋው ብላችሁ ስለምትነግሩት ነገር ነው። መርዶውን ሲነግሩኝ ባሌ ከሞተ ስድስት ወር ሊሞላው ነበር። እስከዚያ ድረስ እሱ ጻፈልሽ እየተባልሁ፣ በጀሶ ታስሬ እንደ ተኛሁ ተረት አነብ ነበር። ዛሬም ይህን ሳስብ ፊቴ ይግላል።

ያኔ የምንኖረው ደልጊ ነው። ባሌ ፈንታሁን አስተማሪ ነበር፤ እኔ ደጃፋችን ላይ ስፌት መኪና ዘርግቼ የሰው ልብስ እሰፋለሁ። ልጅ አልወለድንም። ደልጊ ከጣና ማዶ ስለሆነች ባሕር ዳር ለመሄድ የፈለገ ጀልባ መጠበቅ ነው። ፈንታሁን በጨዋታው የታወቀ ሰው ነበር። መቅረት በማይቻልበት በቀበሌው ውይይት ክበብ ላይ እንኳ ሰዉን አፉን በነጠላ ሸፍኖ እንዲስቅ ያደርግና ራሱ ኮስተር ብሎ ይቀመጣል። አንድ ቀን ያሳስርሃል እያልሁ እጨቀጭቀው ነበር።

ሕመሙ ከወገቤ ትንሽ ከፍ ብሎ ጀመረኝ። አመሻሽ ላይ ትኩሳት ቢጤ ይለቅብኛል፤ ጧት ስነሣ የለበስሁት በላብ ርሷል። ራሴ ለክቼ የሰፋሁት ቀሚስ ሌላ ሰው የለካው መሰለ። ያየኝ ሁሉ “ከመኪናው ነው፣ ቀኑን ሙሉ አቀርቅረሽ” አለኝ። ፈንታሁን ወንበሬ ላይ የሚደረግ ትራስ ጭድ ሞልቶ ሠራልኝ። በቤቱ የሚያክም አንድ ድሬሰር ኩላሊትሽን ብርድ መቶታል ብሎ መርፌ ወጋኝ፤ ለሳምንት ተሻለኝና ተመልሶ መጣ። ሌላው ደግሞ ቁርጥማት ነው አለ። ቁርጥማት ከሆነ መድኃኒቱ ወንዛዬ ነው ተባለና ወደ ፍል ውሃው ተወሰድሁ።

ወንዛዬ አብራኝ የሄደችው የወንድሜ ሚስት ጥሩወርቅ ናት። ውሃው ለቁርጥማት ጥሩ ነው፤ በምርኩዝ ገብቶ ምርኩዙን ረስቶ የሄደ ሰው አይቻለሁ። የእኔ ግን ቁርጥማት አልነበረም። ሁለት ሳምንት ስነከር ቆይቼ አንድ ቀን ጥሩወርቅ ጀርባዬን ስታሸኝ እጇ ቀጥ አለ።

“ታንጉት፣ እዚህ ላይ ምንድን ነው የወጣብሽ?” አለችኝ።

እኔ ላየው አልችልም። በጣቴ ብዳስሰው ከአከርካሪዬ መሐል አንድ አጥንት ወደ ውጭ ገፍቷል። ደልጊ በተመለስሁ በሳምንቱ የመኪናውን ፔዳል የምረግጥበት እግሬ አልታዘዝ አለኝ። በቃሬዛ ጀልባ ላይ ጫኑኝና ባሕር ዳር ሆስፒታል ገባሁ።

ተራ መጠበቁ ራሱ አንድ በሽታ ነው። ኮሪደሩ ላይ በሰሌን ተኝቼ የሰውን እግር ብቻ ሳይ ሦስት ቀን ሆነኝ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ከዘጌ የመጣች ሴት “እኔስ መቆም እችላለሁ” ብላ ተራዋን ለቀቀችልኝ፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ በአስተርጓሚ ይናገራል። ራጁን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ብዙ ካየው በኋላ ወደ እኔ ዞር ሳይል ባሌንና ወንድሜን ጠርቶ ወጣ።

ወንድሜ አንዳርጌ ይባላል። ታናሼ ነው፤ ባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበር። ሲመለሱ ፈገግ ብሎ “ቀላል ነው እታለም፣ ትንሽ ተኝተሽ ትነሻለሽ” አለኝ። ፈንታሁን ግን አጠገቤ ቁጢጥ አለና፣

“የአጥንት ነቀርሳ ነው” አለ። “አከርካሪሽን እየበላው ነው። ብዙ ወር ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ትተኛለሽ። ላትራመድ ትችላለች ብሏል፤ ልትራመድም ትችላለች ብሏል። ሁለተኛውን አስቀድሞ ቢለው ምን ነበረበት?”

አንዳርጌ “ምነው ፈንታሁን” ብሎ ክንዱን ሲይዘው አየሁ። እኔ ግን እፎይ አልሁ። ከታመምሁ ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያው ግልጽ ነገር ነበር። ቲቢ ማለቱ ነው፤ ነቀርሳ ሳንባን ብቻ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር፤ አጥንትም እንደሚበላ ያን ቀን አወቅሁ።

በየቀኑ መርፌ፣ በየቀኑ አንድ ጭብጥ ክኒን፣ ከብብቴ እስከ ዳሌዬ ጀሶ። መዞር የለም፣ መቀመጥ የለም። ሲመሻሽና ጠያቂ ሲወጣ ፍርሃቱ ይመጣል። እግሬን ላንቀሳቅስ እታገላለሁ፤ ጣቴ የተንቀሳቀሰ ይመስለኛል፤ ቀና ብዬ እንዳላይ ጀሶው አይለቀኝም። ለፈረደበት ጣራ ነው የምነግረው።

ፈንታሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በጀልባ ይመጣና እሑድ ረፋድ ላይ በምትመለሰው ይሄዳል። መጀመሪያ ሲመጣ “ምን ላምጣልሽ?” ቢለኝ “ወሬ” አልሁት። በዚያ ዘመን ደግሞ ወሬ ማለት ወይ የሚያስፈራ ነው ወይ የማይነገር። ስለዚህ ተረት ፈጠረልኝ።

ጥጋቡ የሚባል ታንኳ ቀዛፊ አለ። ሚስቱ ታማ ከማዶ መድኃኒት ሊያመጣላት ይነሣል። ችግሩ ሆዳም ነው። በጣና ዙሪያ የሚሠራ ወጥ ሁሉ ይሸተዋል፤ ሽታው ወደመጣበት ታንኳው ይዞራል። ከሆዱ ጋር እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚነጋገሩት። “ጌታው፣ እርስዎ ትንሽ ይታገሡኝ፣ ሚስቴ ታማብኛለች” ይለዋል። ሆዱም ድምፁን ጎርነን አድርጎ “እኛም እኮ አልተሻለንም” ይላል። በዓሣ ወጥ ምክንያት ሁለት ቀን፣ በክርስትና ድግስ ሦስት ቀን ይዘገያል፤ በየቤቱ የተለየ ምክንያት አለው። ፈንታሁን ነገሩ ልብ በሚያንጠለጥልበት ላይ ያቆምና “የቀረውን ስመጣ” ብሎ ይነሣል።

ከጎኔ ባለው አልጋ እትዬ ዘሃራ የሚባሉ የወረታ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እግራቸው ተሰብሮ በገመድ ተንጠልጥሏል። እሳቸውም እንደኔ ይጠብቁታል። “አንተ መምህር፣ ይኸን ሆዳም አንድ ቀን እንኳ ከድግስ ቤት በጊዜ አስወጣው እንጂ፤ ሴትዮዋ እኮ እያጣጣረች ነው” ይሉታል። እሱም “እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ሰውየው አይሰማኝም” ይላል።

በዚህ ሁሉ ተረት ውስጥ ተስፋ የሚለው ቃል አንድ ቀን ከአፉ አልወጣም። ያኔ ቃሉ በየቦታው ተዘርግፎ ነበር፤ ራዲዮኑም፣ የቀበሌው ስብሰባም፣ የኪነት ቡድኑ ግጥምም በተስፋ ነው የሚያልቀው። ፈንታሁን የሠራልኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያ ሆዳም ከያዘው ማዕድ ይነሣ ይሆን እያልሁ እተኛ ነበር። የሚቀጥለውን ለመስማት መፈለግ ለታመመ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ሌላውን ስብከት ሁሉ ይተካል።

ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ክረምቱ ሲገባ ነው። ጥጋቡ በስንት መከራ መድኃኒቱን አግኝቶ እየተመለሰ ነበር። ቤቱ ሊደርስ አንድ ዳርቻ ሲቀረው የሰርግ ዳስ ያያል፤ ከበሮው ይሰማል፤ ሽታው መጣ። ፈንታሁን እዚያ ላይ አቆመና ግንባሬን ስሞኝ ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ የመጣው አንዳርጌ ነው፤ ጥሩወርቅ ከኋላው ቆማለች። ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል።

“ፈንታሁን ለዘመቻ ተመደበ” አለኝ። “መተከል፣ ሰፈራ ጣቢያ። ጊዜም አልሰጧቸውም፣ በአንድ ቀን ነው የወሰዷቸው።”

“ሳይሰናበተኝ?”

“የት ጊዜ አግኝቶ። ስድስት ወር ነው አሉ።”

ያን ጊዜ ሰው ተጠርቶ ሲሄድ ለምን፣ ማን አዘዘ ተብሎ አይጠየቅም። ስንቱ በአንድ ቀን ተነሥቶ ሄዷል። አንዳርጌ የመረጠው ውሸት ጥሩ ውሸት ነበር፤ ዘመኑ ራሱ አብሮት ዋሽቷል። በጥሩወርቅ ጉንጭ ላይ ጭረት አይቼ “ምን ነካሽ?” ብላት “የአጥር እሾህ ነው” አለችና ፊቷን ወደ እትዬ ዘሃራ አዞረች።

አንዳርጌ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። በታይፕ የተመታ ነው።

“ይኸው፣ የጥጋቡን ቀጣይ በሰው ልኮልሻል። በእርሳስ በብጣሽ ወረቀት ጽፎት፣ ተጋድመሽ ልታነቢው አትችይም ብዬ መታሁልሽ።”

የአስተማሪ እጅ ጽሑፍ እንዴት አይነበብም ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ወረቀቱን ከፊቴ በላይ በሁለት እጄ ይዤ ለእትዬ ዘሃራም እንዲሰማ ጮክ ብዬ አነበብሁ። “ጥጋቡም የሰርጉን ዳስ ቀና ብሎ ሳያይ አለፈ። የሚስቴ ሕይወት ከድግስ ይበልጣል ሲል በቆራጥነት መቅዘፊያውን አነሣ” ይላል።

“አለፈ?” አሉ እትዬ ዘሃራ። “ሰርግ አልፎ? ጾማችሁ ገባ እንዴ?”

ሳቅን። አንዳርጌም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ደብዳቤዎቹ በየሁለት ሳምንቱ መጡ። ጥጋቡ ወጀብ ይመጣበታል፤ ያሸንፈዋል። መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ ይወድቅበታል፤ ጠልቆ ያወጣዋል። ሌላ መንገድ፣ ሌላ ፈተና፣ ሌላ ድል። አንድም ጊዜ አይርበውም። ሆዱን እርስዎ ማለት ተወ፤ ሆዱም መናገር ተወ። በየደብዳቤው መጨረሻ ደግሞ ግጥም አለ። አንዱ እንዲህ ይላል፤

ወጀብ ቢበረታ ማዕበል ቢቆጣ፣
የጸና ቀዛፊ ዳርቻ መች አጣ።

ከአራተኛው ደብዳቤ በኋላ እትዬ ዘሃራ ስለ ጥጋቡ ምግብ መጠየቅ አቆሙ። ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና ሲያልቅ “አላህ ያሽርሽ” ብቻ ይላሉ። እግራቸው እያመማቸው መስሎኝ ነበር። ነገሩን ለእሳቸውም ነግረዋቸው ኖሯል።

እኔስ? እውነቱን ልናገር። ጨርሶ አልጠረጠርሁም ብል እዋሻለሁ። አምስት ዓመት አብሬው የኖርሁትን ሰው አነጋገር አጥቼው አይደለም። ቆራጥነት የሚባል ቃል ፈንታሁን ለቀልድ ካልሆነ በአፉ አይዞርም። ግን ጥያቄው ብቅ ባለ ቁጥር መልስ እፈልግለታለሁ። በረሃ ያለ ሰው ምን ቀልድ አለው፣ ደብዳቤው ይመረመር ይሆናል፣ እኔን ሊያበረታኝ ብሎ ነው እላለሁ። ማወቅ ስላልፈለግሁ አላወቅሁም።

ግጥሙ መጥፎ ግጥም ነው። ከቀበሌ መድረክ የወረደ ነው የሚመስለው። ሆኖም ሲስተሯ መርፌውን ስትወጋኝ ጥርሴን ነክሼ የምለው እሱኑ ነበር። ወጀብ ቢበረታ ስል መርፌው ይገባል፤ መች አጣ ስል ይወጣል። አብዝቶ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። መጥፎው ግጥም ሠርቶልኛል።

መጀመሪያ የግራ እግሬ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። ሲስተሯ ናት ያየችው፤ “ታንጉት፣ ይኸን አንቺ ነሽ ያደረግሽው?” ብላ ጠራችኝ። ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ፣ ከዚያ ጉልበቴ መጣ። ጀሶው የተቆረጠ ዕለት ሰውነቴ የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ቆዳዬ ተቀርፎ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። በሁለት ሰው ተደግፌ ቆምሁ፤ በሳምንቱ በአንድ ሰው፤ ኋላ በምርኩዝ። ከአልጋዬ እስከ መስኮቱ እሄድና ጣናን አይቼ እመለሳለሁ። ፈንታሁን ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ ልቀበለው ነበር የምለማመደው። ይህን ለሲስተሯ ስነግራት የያዘችውን ትሪ ይዛ ወጣች፤ መርፌውን ሳትወጋኝ።

ስወጣ ሐኪሙ ክኒኑን ገና ለብዙ ወር እንዳላቋርጥ አዘዘኝ። ይህን ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው ሲሻለው ይተወዋል፤ በሽታው ይመለሳል። አንዳርጌ ቤቱ ወሰደኝ። ደልጊ ልሂድ ብል “ትንሽ ይጠንክርሽ” አሉኝ። ሳምንት ሙሉ እንደ አራስ አበሉኝ። ጥሩወርቅ ሥጋውን እየመረጠች ስታጎርሰኝ በፍቅር ነበር የመሰለኝ፤ ፍቅርም ነበር፤ ግን እንድችለው አቅም እንዲኖረኝ እያደለቡኝ ነው።

በስምንተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ በግቢው ውስጥ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። ከደልጊ የመጡ የፈንታሁን ዘመዶች ናቸው፣ ጎረቤቶች ናቸው፤ ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። አንዳርጌ ከመካከላቸው ጥቁር ለብሶ ቆሟል። በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ አገሬው ያውቃል። ማንም አፉን ሳይከፍት ሰማሁት።

“መቼ?” አልሁ።

መጮህ ነበረብኝ፤ እስክጮህ እየጠበቁኝ ነበር። ሴቶቹ ክንዴን ሊይዙኝ ተዘጋጅተዋል። አንድ ሽማግሌ “ልጄ ታንጉት፣ የእግዜር ነገር ነው፣ ውሃ ነው…” ብለው ጀመሩ።

“መቼ? ብያለሁ።”

“ስድስት ወር ሊሞላው ነው” አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ።

አርባው ወጥቷል። ተዝካሩ ተበልቷል። በአርባው ዕለት ጥጋቡ መድኃኒቱን ከውሃ ውስጥ ሲያወጣ እያነበብሁ ሳልሆን አልቀርም። የጥሩወርቅ ጉንጭ ላይ የነበረው እሾህ አይደለም፤ ለባሌ ፊቷን ነጭታለች። አንዳርጌ የሐዘን ጢሙን እኔ ዘንድ ለመምጣት ነው የሚላጨው። ጥቁር ልብሳቸውን ከሆስፒታሉ ዘበኛ ዘንድ ያስቀምጡና ሌላ ቀይረው ይገቡ ነበር። ሲስተሯ ታውቃለች፣ እትዬ ዘሃራ ያውቃሉ፣ ዘበኛው ያውቃል። ያልሰማሁት ሚስቱ ብቻ ነኝ።

“እንዳትሞቺብን ብለን ነው” አሉ ሁሉም በየተራ። ትራሴ ሥር ያሉትን አሥራ አንድ ደብዳቤዎች አወጣሁና የግጥሙን ገጽ አንዳርጌ ፊት ላይ ዘረጋሁት።

“ውሃ የበላውን ሰው ነው የጸና ቀዛፊ ዳርቻ መች አጣ ያልኸው?” አልሁት።

ሰዉ ሁሉ ለእኔ አለቀሰ፤ ደረት ተደቃ። የእኔ ዓይን ግን ደርቆ ቀረ። ሌላ ሰው አልቅሶ የጨረሰውን ለቅሶ ከየት ላምጣው። ቀብሩ የእኔ ነበር፤ ሦስተኛው ቀን፣ አርባው፣ ሁሉም የእኔ ነበር። ምርጫ ሳይሰጡኝ ወሰዱብኝ።

ለእናንተ የምለው ይኸን ነው። ታማሚው ሊሞት ይችላል ብላችሁ ትፈራላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ምናልባት ያን ጊዜ ብሰማ እሞት ነበር፤ አላውቅም፤ እናንተም አታውቁም። ነገር ግን ከዳነ በኋላ የሚኖርበትን ቤት እያፈረሳችሁ እንደምታድኑት እወቁት። ባሌ ላትራመጂ ትችያለሽ ብሎ በፊቴ ነግሮኛል፤ አልሞትሁም።

አንዳርጌን ሦስት ወር አላናገርሁትም። በቤቱ እየበላሁ፣ በቤቱ እየተኛሁ። ክኒኔን ከሆስፒታል እያመጣ መስኮቱ ላይ ያስቀምጣል፤ ሲወጣ አነሣዋለሁ። ጥሩወርቅ በመካከላችን ወሬ ስታመላለስ ከሳች። አንድ ቀን ጓዳ ውስጥ “ያን ወረቀት ሲመታ ቢያዝ ምን ይሆን እንደነበረ ታውቂያለሽ?” አለችኝ። አውቃለሁ። በመሥሪያ ቤት ታይፕ ያልታዘዙትን ወረቀት መምታት ያን ጊዜ የሚያስጠይቅ ነገር ነው፤ በራሪ ወረቀት ነው ከተባለ መጨረሻው አይታወቅም። ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ በሩን ዘግቶ ነበር የሚመታው። ያንን ማወቄ ይበልጥ አስቆጣኝ፤ ሙሉ በሙሉ እንዳልጠላው ከለከለኝ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ሶል በሙጫ እያጣበቀ ነበር። ምርኩዜን ይዤ ወጣሁና አጠገቡ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

“ጥጋቡ ለምን መብላት ተወ?” አልሁት።

ሙጫውን ከጣቱ ላይ ጠረገ።

“ሞክሬ ነበር እታለም” አለ። “መጀመሪያ ዳሱ ውስጥ አስገብቼ ላበላው ብዬ ሁለት ገጽ መትቻለሁ። ቀደድሁት። የሞተ ሰው ሲበላ መጻፍ አቃተኝ።”

ጥጋቡ ፈንታሁን መሆኑን ለካ እሱም ያውቅ ኖሯል።

“እንግዲያው የምታውቀውን ንገረኝ” አልሁት። “ከእኔ ዘንድ ከወጣባት ሰዓት ጀምር። የምታሳምረው ነገር እንዳይኖር።”

ነገረኝ። ፈንታሁን ያን እሑድ ጀልባዋ አምልጣው ወደዚህ ቤት መጣ። ሰኞ ስብሰባ አለ፤ መቅረት አይቻልም። ምሳ በላ፤ ሽሮ ነው፤ ሁለት ጊዜ አስጨመረ። በጭነት መኪና እስከ ቁንዝላ ሄደ፤ ከዚያ ዳጉሳ ከጫኑ ሁለት ሰዎች ጋር ከደንገል የተሠራች ታንኳ ላይ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ታንኳው ሲገለበጥ ሁለቱ ሰዎች ደንገሉን ይዘው ተረፉ። እሱ ደገኛ ነው፤ ዋና አይችልም። በሦስተኛው ቀን ዓሣ አጥማጆች አገኙት፤ አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ተማሪዎቹ ናቸው የተሸከሙት። ዝናብ ነበር። አንዳርጌ ሲደርስ አፈር እያለበሱት ነው፤ ፊቱን አላየውም።

“ጀልባዋ ለምን አመለጠችው?” አልሁት።

“ተይው እታለም።”

“ንገረኝ።”

“አንቺ ዘንድ ቆይቶ ነው” አለ። “ጥጋቡ ዳሱ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ሳትነግረኝ አትሄድም ብለሽ እጁን ይዘሽው ነበር። እየሳቀ ነው የነገረኝ።”

ይህን እናንተንም ደብቄያችሁ ነበር። ከላይ ግንባሬን ስሞኝ ሄደ ብዬ ነው ያለፍሁት። እውነቱ ግን እጁን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። “ጀልባዋ ትሄዳለች” አለኝ፤ “ትሂድ” አልሁት። እሱም አልነገረኝም፤ ሳቀብኝ፤ ግን ቆየ።

ስድስት ወርና ሦስት ወር የዘገየው እንባ ያን ጊዜ መጣ። ጥሩወርቅ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች፤ አንዳርጌ በእጁ ምልክት መለሳት። ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ብቅ ብቅ አለ። ማንም ሳይደግፈኝ፣ ማንም በቃሽ ሳይለኝ አለቀስሁ። ሲወጣልኝ ፊቴን በነጠላዬ ጠረግሁ።

“ድገምልኝ” አልሁት።

አንዳርጌ ጫማውን ወደ ጎን አደረገና ከሆስፒታሉ በር ጀመረ። ሽሮውን፣ መኪናውን፣ ዳጉሳውን፣ ነፋሱን፣ የቀረችውን ጫማ በየተራ አመጣቸው። ጀልባዋ ለምን እንዳመለጠችው ላይ ሲደርስም አልዘለለውም።